ኮምፒውተርዎ ሲሞላ የቆዩ ኢሜይሎችን እንዴት ያስቀምጣሉ?

የቢሮ ኮምፒውተር ሲሞላ ብዙዎቻችን ፎቶና ቪዲዮ ለማጥፋት እንቸኩላለን። አውትሉክ በሚጠቀም ቢሮ ግን ቦታውን የያዘው ብዙ ጊዜ ፒኤስቲ የሚባለው አንድ ፋይል ነው። የዓመታት ደብዳቤ፣ ውልና ደረሰኝ ከነአባሪው የሚከማቸው እዚያ ውስጥ ነው። ኢሜይል ማጥፋት ብቻውን ይህን ፋይል አያሳንሰውም፤ ስለዚህ ሥራውን በቅደም ተከተል ይሥሩ። መመሪያው ለክላሲክ አውትሉክ ነው።

1. መጠኑን ይወቁ። “ፋይል”፣ ቀጥሎ “አካውንት ሴቲንግስ” ገብተው “ዳታ ፋይልስ” የሚለውን ይክፈቱ፤ “ኦፕን ፋይል ሎኬሽን” ፋይሉ ያለበትን ያሳይዎታል። የፋይሉ ዓይነት ኦኤስቲ ከሆነ በሰርቨር ላይ ያለው ኢሜይል ቅጂ ነው፤ ከእሱ ወደ ማኅደር የሚያዛውሩት ኢሜይል ከሰርቨሩም እንደሚነሣ ልብ ይበሉ።

2. ውጫዊ ዲስክ ያዘጋጁ። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይሁን። ፎርማት ሲደረግ በውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመው ያውጡት። ከዚያ አውትሉክን ዘግተው ፒኤስቲውን እንዳለ ወደ ዲስኩ ይገልብጡ።

3. የማይፈለገውን ያስወግዱ። ኢሜይሎቹን በመጠን ደርድረው ከትልልቆቹ ይጀምሩ፤ “ዲሊትድ አይተምስ”ንም ባዶ ያድርጉ። ውልና የሒሳብ ሰነድ ግን የሚመለከተው ክፍል ሳይጠየቅ አይጥፋ።

4. አንድ ዓመት ብቻ ያውጡ። “ኒው አይተምስ”፣ “ሞር አይተምስ”፣ “አውትሉክ ዳታ ፋይል” በሚለው መንገድ አዲስ ፒኤስቲ ከፍተው ከሁሉ የቆየውን ዓመት ኢሜይል ወደዚያ ያዛውሩ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ካዛወሩ ቀሪው ቦታ ሊያልቅ ይችላል። ኢሜይሎቹ ቀን የሚይዙት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ስሙን በዚያው ይስጡት። የ2010 በጀት ዓመት ለምሳሌ ከጁላይ 8 ቀን 2017 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2018 ያለው ነው፤ ሁለቱንም ቀን በስሙ ላይ ቢጽፉ ፈላጊው አይሳሳትም።

5. ገልብጠው ያረጋግጡ። አዲሱን ፋይል በቀኝ ጠቅታ ከአውትሉክ ይዝጉት፤ ፕሮግራሙንም ዘግተው ፋይሉን ወደ ውጫዊው ዲስክ ይገልብጡ። ከዲስኩ ላይ ከፍተው ጥቂት ኢሜይሎችን ከነአባሪያቸው ያንብቡ። ወደ ሌላ ዲስክም ሁለተኛ ቅጂ ይገልብጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን የሚያጠፉት ከዚህ በኋላ ነው።

6. ዋናውን ፋይል ያሳንሱ። በ“ዳታ ፋይልስ” ውስጥ “ሴቲንግስ”፣ ቀጥሎ “ኮምፓክት ናው” ይጫኑ። ባዶው ቦታ ለኮምፒውተሩ የሚመለሰው በዚህ ነው። ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ጊዜ ስለሚወስድ ሳያቋርጡ ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይለፉ።

አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ኢሜይል ማኅደር ገባ አይባልም፤ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛውን ቅጂ ለነገ አያሳድሩት።