ሹመቱ ይቅደም ወይስ ሥራው? በጉለሌ ተቋማት የምሁራን ቅጥርና የማዕረግ ዕድገት

ከአንድ የትምህርት ክፍል፣ በአንድ ዓመት፣ በማይክሮባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የያዙ ሁለት ባለሙያዎችን እናስብ። አንደኛዋ በዩኒቨርሲቲ ስትቀጠር ሌክቸረር ትባላለች። ሁለተኛው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ፓስተር በሚባለው ሰፈር ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሲገባ ተመራማሪ ይባላል። በዚያው ክፍለ ከተማ፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የምትቀጠር የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ደግሞ ገና በመጀመሪያው የቅጥር ደብዳቤዋ ረዳት ፕሮፌሰር ትሆናለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሦስቱ ተባብረው አንድ መጣጥፍ ቢያሳትሙ፣ መጣጥፉ አንድ ሆኖ ሳለ በሦስቱ የግል ማኅደር ውስጥ የሚኖረው ክብደት ሦስት ዓይነት ይሆናል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልዩነት ከየት እንደሚመጣ መመርመር ነው። ስለ ማዕረግ ዕድገት በምንነጋገርበት ጊዜ አብዛኛውን ትኩረት የሚወስደው የመጣጥፍ ቁጥር ነው። ጸሐፊው ግን ጥያቄው ከዚያ አስቀድሞ የሚጀምር ይመስለዋል፦ የትኛው ሥራ እንደሚቆጠር የሚወስነው የቅጥሩ ዓይነት ነውና።

የማዕረጉ መሰላልና ሁለቱ በሮቹ

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 እና እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አጠቃላዩን ማዕቀፍ ሲያስቀምጡ፣ ዝርዝሩን የየተቋሙ የሴኔት ደንብ ይወስናል። መሰላሉ የታወቀ ነው፤ ከረዳት ምሩቅ ተነሥቶ በረዳት ሌክቸረር፣ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር በኩል ወደ ፕሮፌሰርነት ያደርሳል። ነገር ግን መሰላሉ አንድ ቢመስልም ሁለት በሮች አሉት። እስከ ረዳት ፕሮፌሰር ድረስ ያሉት ደረጃዎች በምስክር ወረቀት የሚገባባቸው ናቸው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሌክቸረር፣ የሦስተኛ ዲግሪ ወይም በሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ያጠናቀቀ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኖ ይቀጠራል። ከዚያ በላይ ያሉት ሁለቱ በዲግሪ አይገኙም። የአገልግሎት ዓመታት፣ የታተመ የምርምር ሥራ፣ የማስተማር ብቃት ምዘና፣ በተቋሙ አስተዳደር የተደረገ ተሳትፎና ለማኅበረሰቡ የተሰጠ አገልግሎት ተደምረው ይታያሉ። ማመልከቻው ከትምህርት ክፍል ተነሥቶ በኮሌጅ በኩል ወደ ሴኔት ይወጣል፤ የሙሉ ፕሮፌሰርነት ማዕረግ ደግሞ እስከ ሥራ አመራር ቦርዱ ይደርሳል።

የሁለቱ በሮች መደባለቅ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ጎልቶ ይታያል። ቅዱስ ጳውሎስ ለብዙ ዘመን ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል ቆይቶ፣ በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዋዜማ ሐኪሞችን ማስተማር የጀመረና ተጠሪነቱ ለጤና ሚኒስቴር የሆነ ተቋም ነው። በዚህ ዓይነቱ ኮሌጅ ስፔሻሊስቷ አንድም መጣጥፍ ሳይኖራት ረዳት ፕሮፌሰር ትሆናለች፤ በጎረቤት ክፍል ባዮኬሚስትሪ የሚያስተምረው ባልደረባዋ ግን ብዙ ጽሑፍ ቢኖረውም የሦስተኛ ዲግሪ እስኪያገኝ ወይም ደንቡ በሚያዘው መንገድ እስኪያድግ ድረስ ሌክቸረር ሆኖ ይቆያል። ቅሬታው ከሁለቱም ወገን ይሰማል። ከእነርሱ በአንዱ ብቻ መፍረድ ልክ አይመስለኝም፤ ለስፔሻሊስቷ የመጀመሪያው ማዕረግ የሙያ ሥልጠናዋ ዕውቅና ነው፣ ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑን በቀዶ ሕክምና ክፍልና በተማሪዎች መካከል የምታሳልፍ መምህርት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ለማለፍ የምትጠየቀው፣ በመጀመሪያው በር ስትገባ ማንም ያልጠየቃትን ነገር ነው።

የቅጥሩም ዓይነት አንድ አይደለም። የሙሉ ጊዜ መምህር አለ፤ አብዛኛው የሥራ ጊዜው ለምርምር የተመደበ የተቋም ተመራማሪ አለ፤ በትርፍ ሰዓት የሚያስተምር አለ፤ በሁለት ተቋማት መካከል በጋራ የሚቀጠር አለ፤ ጎብኚ ፕሮፌሰርም ከጡረታ በኋላ በክብር የሚቆይ ኤመሪተስ ፕሮፌሰርም አሉ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከቋሚ የሥራ ዋስትና ጋር ተያይዞ ይመጣል። በእኛ አገር ማዕረጉና ዋስትናው ተጣምረው አያውቁም። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ የተሰናበቱት 42 መምህራን ለዚህ የሚታወስ ማስረጃ ናቸው፤ ከእነርሱ መካከል የቀዶ ሕክምናው ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይገኙበት ነበር። ከፍተኛው ማዕረግ ቦታውን አላስጠበቀም።

የማይቆጠር ሥራ

ወደ ፓስተር እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ1987 ዓ.ም. ከተዋሐዱ የጤና ምርምር፣ የሥነ ምግብና የባህል መድኃኒት ተቋማት የወጣ ነው። የኮቪድ ወረርሽኝ በጀመረበት ሰሞን ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላኩ ነበር። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገር ውስጥ ሲገኝ ግን ምርመራው በዚሁ ኢንስቲትዩት መካሄድ ጀምሮ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት መካከል የምርመራ ዘዴውን ያቋቋሙ፣ ጥራቱን ያረጋገጡና የክልል ላቦራቶሪዎችን ያሠለጠኑ ባለሙያዎች የሠሩት ሥራ አገርን የጠቀመ የዕውቀት ሥራ ነው። ሥራው ግን መጣጥፍ ሆኖ ካልወጣ፣ ከመካከላቸው አንዱ ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወር በየትኛው ዓምድ ይጻፍለታል? «ለማኅበረሰቡ የተሰጠ አገልግሎት» በሚለው ሥር ቢገባ እንኳ፣ ያ ዓምድ ከምርምሩ ዓምድ እኩል አይመዝንም።

በአገራችን ከዚህ የሚቀድም ታላቅ ምሳሌ አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያሉ። ከዚህ ምልከታ በኋላ በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ለተቋሙ መመሥረት ያለው ትርጉም፣ በእኛ ርዕስ ረገድ፣ የላቦራቶሪው ብቻ አይደለም። የሥራ ጊዜው ምርምር የሆነ ሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሕጋዊ ቦታ አገኘ ማለት ነው። የእንዶድ ሥራ በመጣጥፍ ብቻ የሚያልቅ አልነበረም፤ በመስክ መሞከር፣ በላቦራቶሪ መመርመር፣ የተሻለ ምርት የሚሰጠውን የተክል ዓይነት ከብዙ ዓይነቶች መካከል መምረጥ ነበረበት። ይህን የመጨረሻውን የሠሩት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከውጭ የነበረው ጥርጣሬም ቀላል አልነበረም፤ በአፍሪካ የተሠራን ምርምር ለማመን ዳተኝነት እንደነበረ ዶክተር አክሊሉ ደጋግመው ተናግረዋል። ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1989፣ ከመጀመሪያው ምልከታ 25 ዓመታት በኋላ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ የመጣጥፍ ቁጥር የሚጠይቅ ደንብ ለእንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት አለው? የተክል ዓይነት ለመምረጥ ዓመታትን የሚፈጅ ወጣት ተመራማሪ፣ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ትናንሽ መጣጥፎችን ቢያወጣ ለማዕረጉ ይሻለው ነበር።

ከዚህም የተነሣ ሥራን ከፋፍሎ ማሳተም፣ ሲከፋም ያለ በቂ ግምገማ በክፍያ ወደሚያሳትሙ መጽሔቶች መሄድ ይመጣል። ይህን የሥነ ምግባር ጉድለት ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ደንቡም የራሱ ድርሻ አለው።

ቆጣሪና ምስክር

የምዘና ጥያቄ ለአገራችን ሊቃውንት አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ድጓን የተማረ ሰው መምህር ለመሆን ቢሻ የራሱ መምህር ቃል ብቻ አይበቃውም፤ ወደ ቤተ ልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አምባ ነው። እዚያ ያሉት ሊቃውንት ተማሪው የት የት እንደ ዞረ ይጠይቁት ይሆናል፤ የሚፈርዱት ግን ዜማውን ሰምተው ነው። በዛሬው ደንብ የዚህ አቻ የውጭ ገምጋሚ ነው። ለከፍተኛዎቹ ማዕረጎች የአመልካቹ ሥራዎች ከተቋሙ ውጭ ላሉ የሙያው ሰዎች ይላካሉ። እንደ ጸሐፊው አስተያየት በጠቅላላው ሂደት ውስጥ የተሻለው ክፍል ይኸው ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ኮሚቴው ቆጥሮ ከጨረሰ በኋላ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ያላሟላ ሥራ ከምስክሩ ፊት ሳይደርስ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ አመልካቹ ዋና ሥራዬ ነው የሚለውን አንዱን ወይም ሁለቱን መርጦ ቢያቀርብና ገምጋሚው አስቀድሞ ቢያነበው፣ የላቦራቶሪ የምርመራ ዘዴም ሆነ የተመረጠ የተክል ዓይነት ወይም በአማርኛ የተዘጋጀ የጥንት ጽሑፍ ኅትመት የሚታይበት መስኮት ያገኛል። ቋንቋን በተመለከተ መነሻ አለን፦ በስድስት ኪሎ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የሚያሳትመው መጽሔት በአማርኛ የተጻፉ መጣጥፎችንም ሲቀበል ኖሯል።

ገምጋሚ ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ጉለሌ ራሱ አንድ ቦታ ያመለክታል። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ ቤት ነው። ኅሩይ በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ባልነበረበት ዘመን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር ያዘጋጁ፣ የታወቁ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ የሰበሰቡ ሰው ናቸው። «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕረግ ከቤተ መንግሥት የመጣ ሹመት ሲሆን፣ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቅሷቸው ግን በሹመቱ አይደለም። አካዳሚው አባላቱን የሚመርጠው በሥራቸው ስለሆነ፣ የሐኪሙንም የተመራማሪውንም የመምህሩንም ሥራ ከቀጣሪያቸው ነጥሎ ለማየት ከዩኒቨርሲቲዎች ይልቅ ይመቸዋል። የገምጋሚዎችን የስም ዝርዝር ከአካዳሚው ጋር ተመካክሮ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይመስለኝም።

እስከዚያው ግን ወደ ሥራ ዓለም የሚገቡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የቅጥር ደብዳቤያቸውን እንደ መጀመሪያ የምርምር ሰነዳቸው ቢያነቡት ይጠቅማል። ማዕረጉ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ይታሰባል? ለትምህርት የሚሄዱባቸው ዓመታት በአገልግሎት ይያዛሉ ወይስ አይያዙም? ከዩኒቨርሲቲ ውጭ፣ ለምሳሌ በፓስተር፣ የተሠራበት ዘመን ይቆጠራል? በጋራ ቅጥር ላይ ያለ ሰው በመጣጥፉ ላይ የየትኛውን ተቋም ስም ያስቀድማል፤ የዕድገት ማመልከቻውንስ ለየትኛው ያስገባል? የእያንዳንዱ መልስ እንደየተቋሙ ደንብ ይለያያል። በቃል የተነገረው መልስ በደብዳቤው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ካልሰፈረ፣ ማመልከቻው በሚቀርብበት ዓመት ያንን ቃል የሰጠው የክፍል ኃላፊ በቦታው ላይኖር ይችላል።