ከተውነው በኋላ፦ ሱስ እንዳያገረሽብን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ጫትን፣ ሲጋራን፣ ሺሻን፣ መጠጥን ተዉ የሚል ምክር ሞልቷል። የዛሬው ማስታወሻችን ግን ለተዉት ነው። አልሐምዱሊላህ ብሎ ከተወ ሳምንት፣ ሦስት ወር ወይም ዓመት ለሞላው ወንድማችን፣ ትታው ብቻዋን ለምትታገል እህታችን። ብዙ ሰው መተው አያቅተውም፤ በየረመዳኑ የሚተው ስንት አለ! የሚከብደው እንደተዉ መቆየት ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንወቅ። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ጥናት ተቋም እንደሚለው፣ ከሱስ ሕክምና በኋላ ከ100 ሰው ከ40 እስከ 60 በሚሆኑት ላይ ሱሱ ያገረሻል። ይህ ደም ግፊትና አስም በታማሚዎች ላይ ከሚያገረሽበት መጠን ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ማገርሸት የኢማን አለመኖር ማረጋገጫ አይደለም። ግን ደግሞ እንደ ድንገተኛ ዝናብ ከሰማይ የሚወርድ ነገርም አይደለም። ምልክት አለው፣ መንገድ አለው። መንገዱን ያወቀ ሰው፣ አላህ ካለ፣ ቀድሞ ይመለሳል።

በክልክሉ ጠርዝ ላይ ያለ እረኛ

ነቢያችን ﷺ ሐራምንና አጠራጣሪ ነገሮችን ሲያስተምሩ በእረኛ መስለውታል። በተከለከለ ግጦሽ ዙሪያ የሚያግድ እረኛ ከብቶቹ ወደ ውስጥ ለመግባት እንደሚቀርቡ ሁሉ፣ አጠራጣሪ ውስጥ የገባም ሐራም ውስጥ ለመውደቅ ይቀርባል። ሐዲሡ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። የላስታ ልጅ ይህን ለመረዳት ተፍሲር አያስፈልገውም። ተራራው ተከልሎ ሣሩ ሲለመልም አይተናል። ከብቶቹን ጠርዙ ላይ ለቆ ጥላ ሥር የተኛ እረኛ ምን እንደሚገጥመውም እናውቃለን። ጥፋቱ የተጀመረው በሬው ሣሩን ሲነጭ አይደለም። እረኛው ጠርዙን ሲመርጥ ነው።

ማገርሸትም እንዲሁ ነው። ሰውየው ቅጠሉን ከመያዙ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በፊት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደረጃ አለው።

የመጀመሪያው የስሜት ነው። በዚህ ጊዜ ጫት ትዝም አይልህ ይሆናል። ግን እንቅልፍህ ተዛብቷል፣ ፈጅር እያመለጠህ ነው፣ በትንሹ ትቆጣለህ፣ የጓደኛህን ስልክ አታነሳም፣ ሲጠይቁህ «ደህና ነኝ» ብለህ ትዘጋለህ።

ሁለተኛው የሐሳብ ነው። የምርቃናው ደስታ ብቻ ትዝ ይልሃል፤ ማታ የሚከተለው ድብርት፣ ያለቀው ገንዘብ፣ የእናትህ እንባ ይረሳሃል። ድርድር ትጀምራለህ፦ «ለሠርጉ ቀን ብቻ»፣ «ለፈተና ጥናት ብቻ»፣ «አሁን እኮ መቆጣጠር እችላለሁ»። አብረውህ ይቅሙ የነበሩትን ሰዎች ወሬ ታጠያይቃለህ።

ሦስተኛው ተግባሩ ነው። እግርህ «እግረ መንገዴን» እያለ በጫት ቤቱ በር ያሳልፍሃል። እዚህ ከደረስክ በኋላ መመለስ ይቻላል፣ ግን ከባድ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ መመለስ እጅግ ይቀላል። አላህም የሸይጧንን «እርምጃዎች» አትከተሉ ሲል ያስጠነቀቀን ሸይጧን የሚጎትተው ደረጃ በደረጃ ስለሆነ ነው።

የኛ አገር ወጥመዶች

*ባዶ ከሰዓት።* ከዙህር እስከ መግሪብ ያለው የበርጫ ሰዓት ነበር። ሰውየው ጫቱን ሲተው ያ ሰዓት ባዶውን ይቀራል። ላሊበላ ላይ ደግሞ ይህ ባዶነት ብዙ ወጣት ያውቀዋል። በ2012 ኮሮና ቱሪስቱን አስቀረ፤ በ2013 ማብቂያ ጦርነቱ ከተማው ድረስ ገባ፤ ከዚያም በኋላ ሰላሙ አልጸናም። አስጎብኚው፣ ሹፌሩ፣ የሆቴል ሠራተኛው ለረጅም ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜውን የሚገድልበት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ለዚያ ሰዓት ስም ስጠው፦ የቂርኣት ሰዓት፣ የቋንቋ ጥናት ሰዓት፣ የኳስ ሰዓት፣ አባትን በእርሻ የማገዝ ሰዓት።

*ገንዘብ የገባበት ቀን።* የቅዳሜ ገበያ፣ የደመወዝ ቀን፣ እንግዳ ጉርሻ የሰጠበት ቀን። በኪስ ያለ ብር ሐራራን ይቀሰቅሳል። ብሩ እጅህ ሲገባ የዚያኑ ቀን ለእናትህ ወይም ለምታምነው ሰው አስቀምጥ።

*ጁምዓ ራሱ።* ከሶላት በኋላ ወዳጆች ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ «ትንሽ እንቀመጥ» ይመጣል። ከመስጂድ ስትወጣ ወዴት እንደምትሄድ ሳትወስን አትውጣ።

*የዱዓ መጅሊስ።* ይህ ለወሎ ልጅ ከሁሉም ይከብዳል። በአገራችን ጫት ከቡናውና ከዱዓው ጋር ለዘመናት ኖሯል፤ በሑክሙም ላይ ዑለማዎች ተለያይተዋል። ያንን ክርክር ለዑለማዎቹ እንተወው። አንተ ግን ራስህን ታውቃለህ፦ ለሌላው አንድ ቀንበጥ የሆነው ላንተ የወራት ውድቀት ነው። ሽማግሌው እጃቸውን ሲዘረጉልህ በአደብ «ሼህየ፣ ዱዓዎትን ይስጡኝ፣ ቅጠሉ ይለፈኝ፤ አሞኝ ነው የተውኩት» በል። አላህን የሚፈራ አዛውንት በዚህ አይቀየምም። እንደሚከብድህ ካወቅክ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት አትሂድ፤ ዘይረሃቸው በጠዋት ተመለስ።

*ድግስና በዓል።* ጎረቤቶቻችንና ጓደኞቻችን ክርስቲያኖች ናቸው፤ በገና ሰሞን ከተማው በምእመናን ይጥለቀለቃል፣ ቤቱ ሁሉ ጠላና አረቄ አለው። ወሎ ጥሩ ልማድ አላት፤ ጎረቤት ለሙስሊም እንግዳው ለብቻ ያዘጋጃል። አስቀድመህ ንገራቸው፣ ብርዝ ወይም ሻይ ይቀርብልሃል። ከጫት በኋላ ለጨብሲ መጠጥ የለመደ ወንድም ደግሞ ሁለቱም በሮች አንድ ቤት እንደሚያስገቡ ይወቅ፤ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መዝጋት አይቻልም።

*ዱካክ።* ጫት የተወ ሰው ሌሊት አስፈሪ ሕልም ያያል፤ «ለምን ተውከኝ» የሚል ነገር እንደመጣበት ይሰማዋል። ፈርቶ የተመለሰ ብዙ ነው። ወንድሜ፣ አብሽር! ይህ በአብዛኛው ሰውነትህ ከካቲኖን፣ ማለትም በጫት ውስጥ ካለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ሲላቀቅ የሚመጣ ነው። ድካምም፣ ድብርትም፣ ብስጭትም አብሮ ይመጣል፤ ቀን በቀን እየቀለለ ይሄዳል። ውዱእ አድርግ፣ አያተል ኩርሲይን ቅራ፣ ተኛ። ጫት የዱካክ መድኃኒት አይደለም፤ ዱካክን የሚያመጣው እሱ ራሱ ነው።

ሐራራ ሲመጣ

ሐራራ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ካልመገብከው ይደክማል። ስለዚህ ሥራህ ዕድሜህን ሙሉ መታገል ሳይሆን ያቺን ግማሽ ሰዓት ማለፍ ነው።

በመጀመሪያ አራት ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ርቦኛል? ተናድጃለሁ? ብቸኛ ሆኛለሁ? ደክሞኛል? ብዙ ጊዜ ሐራራ የሚመስለው ከነዚህ አንዱ ነው። የራበው ይብላ፣ የተናደደ ይቀመጥና ውዱእ ያድርግ፣ ብቸኛው ይደውል፣ የደከመው ይተኛ።

ከዚያ ቦታውን ልቀቅ። ዩሱፍ ዐለይሂ ሰላም ፈተናው ሲመጣባቸው ቆመው አልተከራከሩም፤ ወደ በሩ ሮጡ። ነቢይ ከሮጡ አንተ መሮጥህ ውርደት አይደለም።

ቤትህንም አጽዳ። መጠጥ በተከለከለ ጊዜ ሶሓቦች ያላቸውን አፈሰሱት፣ የመዲና መንገድ እስኪፈስበት ድረስ። «ለእንግዳ» ብለው አላስቀሩም። የሺሻው ዕቃ፣ የሲጋራው ፓኬት፣ የሻጩ ስልክ ቁጥር ቤትህ እያለ ተውኩ ማለት ይከብዳል።

ጓደኛንም ምረጥ። 99 ነፍስ ገድሎ መቶኛ የጨመረውን ሰው ሐዲሥ ታስታውሳላችሁ። ዐሊሙ ተውበትህ ይቻላል ካለው በኋላ አገርህን ልቀቅ፣ አላህን ወደሚገዙ ሰዎች ሂድ አለው። ሁላችንም ከተማ መቀየር አንችልም፤ መቀመጫ መቀየር ግን እንችላለን።

ከወደቅክስ?

እዚህ ላይ ሸይጧን ትልቁን ውሸት ይዋሻል፦ «አንዴ ከቃምክ አለቀ፣ ሙናፊቅ ነህ፣ ቀጥል»። ስለ ማገርሸት ብዙ የጻፈው አለን ማርላት የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርም አንድ ቀን መሳሳትና ሙሉ በሙሉ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳይቷል። አንዱን ወደ ሌላው የሚገፋው ብዙውን ጊዜ ተስፋ መቁረጥ ነው። የአንድ ቀን ስህተት የሦስት ወር ትግልህን አያጠፋውም።

በነቢዩ ﷺ ዘመን በመጠጥ ደጋግሞ የሚቀጣ ሰው ነበር። ከሰዎቹ አንዱ ስንት ጊዜ ይመጣል ብሎ ሲረግመው፣ ነቢዩ ﷺ እንዳይረግመው ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። በሌላ ዘገባ ደግሞ በወንድማችሁ ላይ ለሸይጧን ረዳት አትሁኑ ብለዋል። መጠጡ ሐላል ሆነ ማለት አይደለም፤ ቅጣቱም አልቀረም። ሰውየውን ግን ለሸይጧን አልሰጡትም።

ወላጆች፣ ሚስቶች፣ ወንድሞች፣ ይህ ሐዲሥ ለናንተ ነው። «ድሮም አውቀው ነበር፣ ጀዝባ!» የምትለው ቃል ልጁን ወደ በርጫው ትገፋዋለች። «ምን ሆነህ ነበር? ና ቁርስ ብላ» የምትለው ትመልሰዋለች።

የወደቀውም በዚያው ቀን ይነሣ። ተውበት ያድርግ፣ ለሚያምነው አንድ ሰው ይንገር፣ ምን እንዳጣለው ይጻፍ፦ የት ነበርኩ? ከማን ጋር? ምን ተሰምቶኝ ነበር? ያ ወረቀት የሚቀጥለውን ወጥመድ ያሳየዋል።

ሕክምናን አትናቁ

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ሕመምና መቃዠት ሊመጣበት ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። ድብርቱ ለሳምንታት ያልለቀቀው፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው ወይም ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰውም ቤት ውስጥ አይደበቅ፤ ዛሬውኑ አቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ ሐኪሙ እስከ አዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድረስ ሊልከው ይችላል። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

አንደኛ፣ አንተን የሚጥሉህን ሦስት ቦታ፣ ሰዓት ወይም ሰው ጻፍ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መልስ አዘጋጅ። ሦስተኛ፣ በማንኛውም ሰዓት የምትደውልለትን አንድ ሰው ምረጥና ዛሬ ንገረው። አላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው ነው።

ያ አላህ፣ የተዉትን አጽናቸው፣ የወደቁትን አንሣቸው፣ ገና የሚታገሉትን አግራላቸው። ለወጣቶቻችን ሐላል ሥራ፣ ለአገራችን ሰላም ስጥልን። አሚን።

ይህን ለሚያስፈልገው አንድ ወንድም ወይም እህት በውስጥ መስመር ላኩለት፤ በሰው ፊት ስሙን አትጥሩ።