ቆዳሽ ሲቆጣ ሆድሽን በወጉ መርምሪ

ልጄ፣ ሳማ እንደነካው እየተነሣ የሚጠፋው ሽፍታ ሁለት ወር አለፈው ብለሽኛል። 6 ሳምንት ካለፈ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። ጨጓራሽም ስለሚያቃጥልሽ የማውቀውን ልምከርሽ።

1. ገበታሽን አታራቁቺ። አንዷ ምስሩ ነው፣ ሌላዋ በርበሬው ነው ትልሻለች። የምግብ አለርጂ ቢሆን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያሳያል። ጾም ፍስክ ሳይለይ ሌሊት የሚቀሰቅስሽ ሽፍታ ግን በምግብ የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። በጾም ሽሮና ምስር ከተውሽማ ምን በልተሽ ልትውዪ ነው?

2. ኤች ፓይሎሪን በትክክለኛው መንገድ ተመርመሪ። በ2005 እ.ኤ.አ. ማርሻልንና ዋረንን ለኖቤል ያበቃው ግኝት፣ ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያቆስል አረጋግጧል። የሽፍታው ነገር ግን ዛሬም ያከራክራል፤ ባክቴሪያው ሲጠፋ ቆዳቸው የሚሻላቸው አሉ፣ ምንም ለውጥ የማያዩም አሉ። ቢገኝብሽ ለጨጓራሽ ስትዪ ታከሚ፤ ቆዳሽም ከተሻለው እሰየው። የደም ምርመራውን አትመኚው፣ የዳነን ሰው እንኳ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። የሰገራ አንቲጅን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ጠይቂ። ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞል ካቆምሽ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ካቆምሽ 4 ሳምንት ይለፍ። ሕክምናውን ከጀመርሽም ሕመሙ ቀለል ሲልሽ አታቋርጪ።

3. ለራስ ምታት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መዋጥ ተዪ። ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ሽፍታውንም በብዙ ሰው ላይ ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ይሻልሻል።

4. በልጅነትሽ በባዶ እግርሽ ጭቃ ስትረግጪ እንዳደግሽ ለሐኪሙ ንገሪው። ስትሮንጅሎይድስ የሚባል ትል በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ዓመታት ይኖራል፤ እሱም ቆዳን ያሳክካል። አንድ ጊዜ በተደረገ የሰገራ ምርመራ ሊያመልጥም ይችላል። አጥብቄ የምነግርሽ ማሳከኩን ለማስታገስ ብለው ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን እንዳይሰጡሽ ስለምሰጋ ነው፤ ትሉ ካለብሽ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል።

5. ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ካዘዙልሽ፣ ሲያሳክክሽ ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ውሰጂ። ካልበቃሽ ሐኪሙ እስከ 4 እጥፍ ሊያሳድገው ይችላል፤ በራስሽ ግን አትጨምሪ። ሆድሽ ተመርምሮ ምንም ባይገኝበትም አትደንግጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታ መከላከያው ራሱ ነው ቆዳን የሚያስቆጣው።

6. ምላስሽ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ክኒን ውጠሽ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሰሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።