ከተሳቢው ቀኝ ጎን ይራቁ

ጥያቄ፦ ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ ለሥራ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። ተሳቢ መኪኖች ያስፈሩኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ተሳቢው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ይገባሉ። ሹፌሩ ለመታጠፍ ብሎ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ሲይዝ፣ በቀኙ የሚከፈተው ክፍተት መንገድ የተለቀቀልዎ ይመስላል። በፍጹም አይግቡበት። ጋቢናው ከፍ ያለ ነው፤ ሹፌሩም የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ ከቀኙ በር ሥር ያለ ሰው ከእይታው ይሰወራል። የሹፌሩ ፊት በስፖኪዮው ካልታየዎት እሱም አያይዎትም።

ስለዚህ መስቀለኛ መንገድ ወይም የመጋዘን በር ሲቃረብ፣ ፍሬቻ ባያበራም እንኳ፣ ከኋላው ራቅ ብለው ይቆዩ። መኪናው ቆሞ ቢያገኙትም በቀኙ ሾልከው አይለፉ።

አንዳንድ ወጣቶች ዳገት ላይ የተሳቢ ጭራ ይዘው ይወጣሉ። እባካችሁ ተዉት፤ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ማምለጫ የለም።

አመሻሽ ላይ የሚመለሱ ከሆነ ቀይ የኋላ መብራትና አንጸባራቂ ሰደርያ ያስፈልግዎታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መግዛት ከቻሉ መብራቱን ያስቀድሙ።