የስኬቲንግ ሜዳ ለመካነ ሰላም

ቦታው ወሎ ቦረና ውስጥ ያለችው መካነ ሰላም ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉ፣ አሁን የእድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ጠያቂው የስፖርት ማኅበር ለማቋቋም የተነሣ ወጣት ነው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ካናዳ ውስጥ ሰፈርተኛው ተሰባስቦ ሜዳ ላይ ውሃ እያፈሰሰ የበረዶ መንሸራተቻ ይሠራል አሉ። የቦረና ብርድ መቼ ያንሳል? በኅዳር ውርጭ ብንሞክረውስ?

ሽማግሌው፦ የእኛ ውርጭ ሌሊት ጥሎ ረፋድ ላይ ይነሣል። እነሱ ጋ ቀንም ሌሊትም ከዜሮ በታች ሆኖ ይሰነብታል፤ ስስ ውሃ ያፈሱና ሲረጋ ሌላ ይደርቡበታል። በማሽን የሚሠራውም ከወለሉ ሥር በተቀበረ ቧንቧ ቀዝቃዛ ጨዋማ ውሃ ሲዞር መዋልና ማደር አለበት። መብራት በሄደ ቁጥር የሚሟሟ ነገር እዚህ አይታሰብም።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ቀረ ማለት ነው?

ሽማግሌው፦ ምን ሲደረግ! በረዶው ይቅር እንጂ ጎማ ያለው የስኬቲንግ ጫማ አለ። በክረምት ኦሎምፒክ በ1998 ቶሪኖ፣ በ2002 ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ የተወዳደረውን ሮቤል ተክለማርያምን ታውቀዋለህ? የእሱ ዓይነት ተወዳዳሪዎች በረዶ በሌለበት ወቅት ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ። አዲስ አበባም በ2008 ዓ.ም. የኮንክሪት ስኬትቦርድ ሜዳ ተሠርቶላታል። የሠሩት ‹ኢትዮጵያ ስኬት› የተባለው የወጣቶች ስብስብና ‹ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ› የተባለው የውጭ ድርጅት ናቸው፤ ከየአገሩ የመጡ በጎ ፈቃደኞችም አብረው ሠርተዋል።

ወጣቱ፦ ለእኛ እንዴት ይጀመራል?

ሽማግሌው፦ ከአፈሩ። ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ወለልህንም ይዞት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዋልካውን ቆርጠህ አውጣና ድንጋይና ጠጠር ሙላበት፣ ደህና አድርገህ ጠቅጥቀው። ከላይ ብረት ዘርግተህ ኮንክሪቱን ሙላ፤ ዝናብ እንዳይተኛበት ወደ አንድ ወገን ትንሽ ዘንበል ይበል። ታሎሹን የሚይዘው እጁ የሰላ ሰው ይሁን፤ ትንሽ ጉብታ ልጅ ይጥላል። ከዚያ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ አጠጣው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሞላህ ደግሞ ማታ ማታ ጭድና ሸራ አልብሰው፤ እርጥብ ኮንክሪት ውርጭ ከመታው ፊቱ ይላጣል። ደቦ ጥራና ቁፋሮውን ጨርስ፣ ማለስለሱን ግን ለባለሙያ ተው።

ወጣቱ፦ ገንዘቡስ?

ሽማግሌው፦ የማሠሪያው አያስጨንቅህ፤ ውጭ ያለው የአገር ልጅ ለምርቃት ያዋጣል። ጭንቁ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። የጫማው ኩሽኔታ አቧራ ይጠጣል፣ ማሰሪያው ይበጠሳል፣ ጠባቂው ደመወዝ ይጠይቃል። ያኔ የመረቀህ ሰው ስልክ አያነሣም። የእኛ እድር የቆመው በወር መዋጮና ድንኳንና ወንበር በማከራየት ነው። እናንተም በገበያ ቀን ለአዋቂ በሰዓት አከራዩ፣ ለሕፃናት በነፃ ይሁን። ጫማ የወሰደ መዝገብ ላይ ይፈርም። ገንዘብ የሚይዘውና ቁልፍ የሚይዘው አንድ ሰው አይሁን። ደግሞ ሜዳው ላይ እህል ላስጣ የሚል መምጣቱ አይቀርም፤ ዘመድህም ቢሆን እምቢ በለው።

ወጣቱ፦ ምዝገባውስ?

ሽማግሌው፦ የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩ ነው፤ እናንተ በክልሉ ሕግ ትመዘገባላችሁ። መሬቱን ከከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያዙ፤ በቃል የተሰጠ ቦታ ላይ ሲሚንቶ አይፈስም።

ወጣቱ፦ ለእድሩ ስብሰባ ያቀርቡልናል?

ሽማግሌው፦ ጻፈውና አምጣው። የጠባቂው ደመወዝ በየወሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ገጽ ከሌለበት ግን አላቀርበውም።