ጽንስ ለጨነገፈባት እናት ጆሮ እንስጥ



በአማርኛችን «አስወረዳት» እና «አስወረደች» የሚሉት ቃላት ሲጠሩ ይቀራረባሉ፤ ትርጉማቸው ግን እጅግ ይራራቃል። የመጀመሪያው ሳትፈልግ ጽንስ የጨነገፈባትን፣ ሁለተኛው ሆን ብላ ያቋረጠችውን ይመለከታል። «ውርጃ» የሚለው ቃል ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ይጠቀልላል። ስለዚህ ብዙ እናቶች «ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ሐዘናቸውን ውጠው ይቀራሉ።

በወላይታ ሶዶ ከተማም ሆነ በዞኑ ወረዳዎች ሰው ሲሞት እድርተኛ ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ለቅሶ ደራሽ ይመጣል። ጽንስ ለጨነገፈባት ሴት ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ የለም። በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ ምድጃዋና ወደ ገበያዋ ትመለሳለች። «እንዴት ሆንሽ?» የሚላት ሰው ብታገኝ ሸክሟ ምንኛ በቀለላት! በሌላ አገር በዚሁ ዝምታ ውስጥ ያለፉ ወላጆች የስልክ ድጋፍ አቋቁመዋል። ዛሬ አጀማመራቸውን አይተን ለእኛ የሚጠቅመውን እንወስዳለን።

ሻይ አቅራቢዎቹ ያስተማሩት

እ.ኤ.አ. በ1953 በለንደን ቻድ ቫራህ የተባሉ ቄስ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎች የሚደውሉበት አንድ ስልክ ከፈቱ። ተራ ለሚጠብቁ እንግዶች ሻይ የሚያቀርቡ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ። ቄሱ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ብዙዎቹ እንግዶች ከሻይ አቅራቢዎቹ ጋር ሲጨዋወቱ ልባቸው ይረጋና እርሳቸውን ማግኘት እንኳ አያስፈልጋቸውም ነበር። በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከቡ። ድርጅቱም ሳማሪታንስ ተባለ።

ቡና አፍልተን ጎረቤት ለምንጠራ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለማዳመጥ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቅን ልብና ጥቂት ሥልጠና ይበቃል።

ከአንድ እናት ጽሑፍ የተነሣ ማኅበር

በዚያን ዘመን በብሪታንያ ሞቶ የተወለደ ሕፃን ብዙውን ጊዜ እናቱ ሳታየው ይወሰድ ነበር። የት እንደተቀበረ ያልተነገራቸው ወላጆች ብዙ ነበሩ። ቤል ሙኒ የተባለች ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1975 ልጇ ሞቶ ተወለደ። በ1976 መጀመሪያ ሐዘኗን «ጋርዲያን» በተባለው ጋዜጣ ጻፈችው። ለዓመታት ዝም ብለው የኖሩ እናቶችም ደብዳቤ ይልኩላት ጀመር። በ1978 ልጆቻቸውን ያጡ ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው ዛሬ ሳንድስ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። በ1982 ደግሞ ጽንስ ለጨነገፈባቸው የሚቆም ሌላ ማኅበር ተቋቋመ። ሁለቱም ዛሬ በስልክ ያዳምጣሉ።

በአገራችንም የስልክ ምክር አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. «ወገን» የተባለው የኤድስ መረጃ መስመር በ952 ስልክ ስሙን መናገር ለማይፈልግ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ምክር ይሰጥ ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

ከታወቁት እርግዝናዎች ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚጨነግፉት ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው ጽንሱ ሲፈጠር የሚከሰት የክሮሞዞም ጉድለት ነው። የተለመደ የቤት ሥራ፣ ድንጋጤ ወይም የሰው ዓይን አመጣው ብሎ እናቲቱን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ሊታከሙ የሚችሉ ምክንያቶችም አሉ። በዞናችን ቆላማ ቀበሌዎች የሚገኘው ወባ አንዱ ነው። ቂጥኝ፣ የስኳር በሽታና የታይሮይድ ዕጢ ችግርም ይጠቀሳሉ። በተደጋጋሚ የሚጨነግፍባት እህት «ሾተላይ ነው» ብላ ተስፋ አትቁረጥ፤ ከባሏ ጋር ሆና ትመርመር። ደሟ አርኤች ኔጌቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ሊያስፈልጋት ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

- ደሙ በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያርስ ከሆነና ካላቆመ፣
- ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣
- ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ።

ሰውነቷ እንዲጠገን

ደም የፈሰሳት ሴት ብረት የበዛበት ምግብ ያስፈልጋታል። ቆጮና ቦይና ጉልበት ይሰጣሉ፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ቦሎቄ፣ ምስር፣ ጎመን ወይም የሽፈራው ቅጠል ይታከልበት። ከተቻለም ሥጋና እንቁላል ይኑር። ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም አብሮ መብላት ብረቱ በሚገባ እንዲሰርጽ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህን ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይሻላል። ዳግመኛ ለማርገዝ ያሰበች እናት አስቀድማ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ብትጀምር መልካም ነው።

ምን እንበላት?

«ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ማለት ለማጽናናት ቢሆንም ያጣችውን ያሳንስባታል። «አይዞሽ እህቴ፣ አለሁልሽ» ብሎ ዝም ብሎ መስማት ይሻላል። «አታልቅሺ፣ ሶብር አድርጊ» የሚሉም አሉ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ገና ጡት ሳይጥል በሞተ ጊዜ ዓይናቸው አንብቷል። እንባ ከሶብር ጋር አይጣላም። ባልየውም አባት ነው፤ እርሱንም እንጠይቀው።

በሰፈራችን ምን ይቻላል?

ትልቅ ቢሮ አያስፈልግም። በመስጂዳችን ያሉ እህቶች በሚከተለው መልክ ሊጀምሩ ይችላሉ።

1. ራሳቸው በዚህ ያለፉና ሐዘናቸው የበረደላቸው ሦስት ወይም አራት እናቶች ይመረጡ። አማርኛም ወላይትኛም የሚናገሩ ቢኖሩ ይመረጣል።
2. ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ተቀምጠው የአደጋ ምልክቶችን ይማሩ።
3. አንድ ስልክና የታወቀ ሰዓት ይመደብ። ካርድ የሌላት እህት ሚስኮል ታድርግ፤ መልሰው ይደውሉላት።
4. የሰሙት ሁሉ አማና ነው። ለባልም ለጎረቤትም አይነገርም።
5. መድኃኒት አይዘዙ፤ ፈትዋም አይስጡ። ሕመሙን ለሐኪም፣ የሸሪዓ ጥያቄውን ለዑለማእ ይተዉ።
6. ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ያጣችን፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የምትልን ሴት ብቻዋን ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ያድርሱ።

ለመወያያ

- በቤተሰባችሁ ጽንስ የጨነገፈባት ሴት ነበረች? ያኔ ምን አላችኋት?
- እድራችሁ ለእንዲህ ዓይነቱ ሐዘን ምን ሊያደርግ ይችላል?

ውድ አንባቢያን! ምናልባት ይህን ስታነቡ አንዲት እህት፣ አንዲት ምራት ወይም ጎረቤት ትዝ ብላችኋለች። ነገ ሳትሉ ዛሬ ደውሉላት። አላህ ያዘኑትን ያጽናና፤ እኛንም ጆሮ የምንሰጥ ያድርገን።

ወሏሁ አዕለም።