ኒካሕ፣ ሕግና ፍትሕ፦ ከደቡብ አፍሪካ ሙስሊሞች የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቅርቡ ከዒሻእ ሶላት በኋላ በነበረን ሐለቃ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ክፍል ውስጥ የገጠመውን አጫወተን። በሎጂክ ኮርስ ለክርክር የደረሰው ርዕስ «ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች በሕግ የመጋባት መብት ሊኖራቸው ይገባል ወይ?» የሚል ነበር። ተነሥቶ «በእስልምና ሐራም ነው» አለ። ከተቃራኒው ቡድን አንዲት ተማሪ «ለአንተ ሐራም ነው፤ ሙስሊሙንም ሙስሊም ያልሆነውንም የሚያስተዳድር መንግሥትስ በምን ይመዝነው?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አጥቶ ተቀመጠ። ከኋላ የነበሩ ልጆች ግን መልስ አላጡም፤ መልሳቸው ስድብ ነበር። ወንድማችንን የከነከኑት ሁለቱም ናቸው፤ የራሱ ዝምታና የእነሱ ስድብ።

እውነቱን ለመናገር እኛም በዚያ ምሽት የተሟላ መልስ አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ኪታብ አገላብጠን፣ ኡስታዞቻችንን ጠይቀን፣ የሌላ ሀገር ሕግም አንብበን የደረስንበትን እነሆ።

የተሰጠውና የተጠየቀው

ኢንጂነሪንግ የምንማር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሲሰጠን መጀመሪያ የተሰጠውንና የተጠየቀውን ለይተን እንጽፋለን። ይህን ሳይለይ ወደ ስሌት የገባ ሰው ቀመሩ ትክክል ቢሆን እንኳ መልሱ ይሳሳታል። እዚህም ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። አንደኛው «ጋብቻ አላህ ዘንድ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «የተለያየ እምነት ያላቸው ዜጎች የሚኖሩበት መንግሥት የትኛውን ጥምረት ጋብቻ ብሎ ይመዝግብ?» የሚል ነው። ወንድማችን ለመጀመሪያው መለሰ፤ የተጠየቀው ግን ሁለተኛውን ነበር።

በመጀመሪያው ላይ በመካከላችን ክርክር የለም። ኒካሕ በወንድና በሴት መካከል የሚፈጸም ውል ነው። ኢጃብና ቀቡል፣ ምስክርና መህር አለው። በወሊይ ዝርዝር ላይ መዝሀቦች ቢለያዩም ውሉ በወንድና በሴት መካከል ስለመሆኑ አልተለያዩም። ሱረቱ ኒሳእ ጽኑ ቃል ኪዳን ይለዋል። ሱረቱ ሩም ደግሞ በጥንዶች መካከል ያለውን እርካታ፣ ፍቅርና እዝነት ከአላህ ምልክቶች ይቆጥረዋል። የነቢዩ ሉጥ (ዐ.ሰ) ሕዝቦች ታሪክ በአዕራፍ፣ በሁድ፣ በሹዐራእና በሌሎችም ሱራዎች ተደጋግሞ ተነግሯል። ይህንን የትኛውም ፓርላማ በድምፅ ብልጫ አይቀይረውም።

ደቡብ አፍሪካ፦ የአንድ ሕገ መንግሥት ሁለት ፍሬ

ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመርመር ጉዳዩ በእውነት የተነሣበትን ሀገር ማየት ይሻላል። በሀገራችን ሕግ ጋብቻ በወንድና በሴት መካከል ነው፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትም በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ያስቀጣል። ደቡብ አፍሪካ ግን በአህጉራችን የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን በሕግ የፈቀደች የመጀመሪያዋ ሀገር ናት። ሸይኽ ዩሱፍ ከኢንዶኔዥያ ተግዘው ኬፕ ከደረሱበት ከ1694 ጀምሮ ስማቸው የሚነሣ፣ ሥር የሰደዱ ሙስሊሞችም አሏት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የአፓርታይድ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ የጸደቀው የ1996ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በጾታዊ ዝንባሌ ማዳላትን ይከለክላል። በዚህ መሠረት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2005 የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ከጋብቻ ማግለል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ፓርላማው ሕጉን እንዲያስተካክልም የአንድ ዓመት ጊዜ ሰጠ። አዲሱ ሕግ በኅዳር 2006 ጸና። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ ናቸው። የፍርድ ቤቱ ምክንያት ባጭሩ ይህ ነው፤ ጋብቻ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ውርስ፣ ቀለብና በማኅበረሰቡ ውስጥ እኩል ሰው ሆኖ መቆጠር ከእሱ ጋር ይመጣሉ፤ ስለዚህ መንግሥት አንዱን ዜጋ ከዚህ ሲያገል «አንተ ታንሳለህ» ማለቱ ነው። ባንስማማበትም ክብደት ያለው ክርክር መሆኑን ማወቅ አለብን። ስድብ አይመልሰውም።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀውን ገጽ እንግለጥ። በዚያችው ሀገር በኢማም ፊት የታሰረ ኒካሕ ለረጅም ዘመን በሕግ ፊት ጋብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቶች ይሰጡት የነበረው ምክንያት ከአንድ በላይ ማግባትን ይፈቅዳል የሚል ነበር። ስለዚህ ባሏ ኑዛዜ ሳይተው የሞተባት ሙስሊም ሴት ዕድሜዋን በትዳር ብትኖርም በሕግ «ሚስት» አትባልም ነበር። እንዲህ ያለች አንዲት ባልቴት ጉዳይዋ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በ2004 በውርስ ሕጉ ውስጥ ያለው «የትዳር ጓደኛ» የሚለው ቃል በኒካሕ ያገባችንም ሴት ይጨምራል ብሎ ፈረደላት። የአብላጫውን ውሳኔ የጻፉት ማን ናቸው? እኚያው አልቢ ሳክስ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2014 ከ100 በላይ ኢማሞች ሠልጥነው የመንግሥት ጋብቻ አስፈጻሚ ሆነው ተመዘገቡ። በሰኔ 2022 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የ1961ዱ የጋብቻ ሕግና የ1979ኙ የፍቺ ሕግ በሸሪዓ የተፈጸመን ጋብቻ አለማወቃቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። የፍቺ ሕጉም በ2024 ተሻሻለ። ልብ በሉ፤ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በ2006 ያገኙትን የሕግ ዕውቅና ኒካሕ ከዚያ በኋላም ዓመታት ጠብቆታል። ሁለቱም ግን የተከራከሩት በአንድ የእኩልነት አንቀጽ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የኬፕታውን ሙስሊሞች ኒካሕ መንግሥት ጋብቻ ባላለው ዘመንም አላህ ዘንድ ኒካሕ ነበር። በተቃራኒው መንግሥት ሌላን ጥምረት ጋብቻ ብሎ ስለመዘገበ ያ ጥምረት ኒካሕ አይሆንም። የመዝገብ ቤት ማኅተም ሐላልን ሐራም፣ ሐራምን ሐላል አያደርግም። ሁለተኛ፣ አናሳ ሆነን በምንኖርበት ሀገር የእኛን ባልቴት የሚጠብቀው አንቀጽ ለሌላውም ይሠራል። አንዱን ይዘን ሌላውን ስንጥል በምን ምክንያት እንደሆነ መናገር መቻል አለብን።

ፊቅህ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ይላል?

ዑለማኦቻችን ይህን ልዩነት አያውቁትም ብለን ካሰብን ተሳስተናል። በሙስሊም አስተዳደር ሥር ይኖሩ የነበሩ መጁሶች የቅርብ ሥጋ ዘመዳቸውን ያገቡ ነበር። ይህ በሸሪዓችን ፍጹም ውድቅ ነው። ታዲያ መሪው ያፋታቸው ወይስ ይተዋቸው? ዑለማእ በዚህ ላይ ተወያይተዋል። ኢብኑል ቀይዪም ስለ አህሉ ዚማ ሕግጋት በጻፉት ኪታብ ጉዳዩን በሰፊው አቅርበውታል። ከዑለማእ መካከል በሃይማኖታቸው የሚፈቀድ መሆኑን ካመኑና ወደ እኛ ዳኛ ካልመጡ አይነኩም ያሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዑመር (ረ.ዐ) እንዲለያዩ ማዘዛቸውን አስረጅ አድርገዋል። ይህን ያነሣነው ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ያነሣነው «ይህ ውድቅ ነው» ማለትና «መንግሥት በዚህ ይግባ» ማለት በፊቅህም ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ለማሳየት ነው።

አቋማችን

ስንጠየቅ የምንለው ይህ ነው። ይህን ጥምረት ጋብቻ ነው ብለን አንመሰክርም፤ ሕግ ሆኖ እንዲወጣም አንደግፍም። ምክንያታችንን ሌላው ሊመዝነው በሚችል ቋንቋም እናቀርባለን። ከሸሪዓ ዓላማዎች አንዱ ዘርን መጠበቅ ነው፤ ጋብቻ ልጅን ከአባትና ከእናት ጋር የሚያስተሳስር ተቋም ነው እንላለን። «ልጅ የማይወልዱ ጥንዶችስ ይጋቡ የለም ወይ?» ይሉናል፤ የደቡብ አፍሪካው ፍርድ ቤትም ይህን አንሥቷል። አዎ፣ በእኛም ዘንድ አዛውንቶች ኒካሕ ያስራሉ። የእኛ ክርክር እያንዳንዱ ጥንድ ይወልዳል የሚል ሳይሆን የተቋሙ ቅርጽ በወንድና በሴት ላይ የቆመ ነው የሚል ነው። የሰማን ሁሉ ይህን ይቀበላል አንልም። ግን ቢያንስ ምን እንደምንል ያውቃል።

ሌላም የምንጠይቀው አለ። የደቡብ አፍሪካው ሕግ ኢማምም ሆነ ቄስ እምነቱ የማይፈቅደውን ጥምረት እንዲያስር አያስገድድም። ለመንግሥት ጋብቻ አስፈጻሚዎች ግን የነበረው የኅሊና አንቀጽ በ2020 ተሰርዟል። ለትምህርት ወደ ውጭ የምንሄድ ብዙዎች ነን፤ እምነታችንን ይዘን በሥራ ቦታ የመቆም መብታችንን በሕግ ቋንቋ መጠየቅ ልንማር ይገባል።

ስድቡስ?

የመጨረሻው ነጥብ የራሳችንን ቤት ይመለከታል። ሱረቱል ማኢዳህ የሰዎች ጥላቻ ፍትሕን እስከመተው እንዳያደርሰን ያዝዘናል። ሱረቱል ሑጁራት መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላል። ሱረቱ ኑር ደግሞ ያለ አራት ምስክር የሰውን ክብር የሚያጎድፈውን ምን እንደሚጠብቀው ተናግሯል። ዶርም ውስጥ «እገሌ እንዲህ ነው» የሚል ወሬ ሲነሣ እነዚህን አያዎች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ከነፍሳቸው ጋር ያለባቸውን ትግል አምነው ቢነግሩን ምስጢራቸውን ሸፍነን፣ አብረን ሰግደን፣ ዕውቀትና እዝነት ወዳለው ኡስታዝ እናደርሳቸዋለን ወይስ የካፌ ወሬ እናደርጋቸዋለን? በፈተና ላይ ያለን ሰው ከመስጂድ ያባረረ ሰው ለዲኑ የጠቀመው ነገር የለም። ማንንም መምታት፣ ማስፈራራት ወይም ማዋረድም የደዕዋ መንገድ አይደለም።

ለወንድማችን በቀጣዩ ሐለቃ ያልነው ይህንኑ ነው። ክርክሩ ቢያልፍም ልጅቷ የክፍል ጓደኛው ናት፤ ጥያቄዋም ገና መልስ ይጠብቃል። ሄዶ «ያን ቀን የጠየቅሽኝን አላወቅኩትም ነበር፤ አሁን ልመልስልሽ» ቢላት፣ ስለ ስድቡም ይቅርታ ቢጠይቃት ያምርበታል። ተሳዳቢዎቹ እሱ ባይሆኑም በእሱ ወገን የተቀመጡ ነበሩና።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት፣ መልካም ሥነ ምግባርና በሐቅ ላይ መጽናትን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።